ጋዜጦች ችላ ካሉት ጉዞ እስከ አንድ የንጋት ፎቶ፦ የግሪንሃም ኮመን ጉዳይ ጥናት

ኦገስት 27 ቀን 1981 ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ አንድ አነስተኛ ቡድን በእግሩ ተነሳ። 36 ያህል ሴቶች፣ ጥቂት ወንዶችና ልጆች ነበሩ። የሚሄዱት እንግሊዝ ውስጥ ኒውበሪ ከምትባል ከተማ አጠገብ ወዳለው የግሪንሃም ኮመን የአየር ኃይል ሰፈር ነው። መንገዱ ከ175 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚቃወሙትም አንድ ነገር ነበር፤ የአሜሪካ የኒውክሌር ሚሳኤሎች እዚያ ሰፈር ሊገቡ ነው መባሉን።

አሥር ቀን ተጓዙ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ዞር ብለው አላዩዋቸውም ማለት ይቻላል።

ከ16 ወር በኋላ ከዚሁ ሰፈር የወጣ አንድ ፎቶ ግን ዓለምን ዞረ። ንጋት ላይ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ለሚሳኤል በተሠራ ምሽግ አናት ላይ በክብ ሲጨፍሩ ያሳያል። ጥያቄው ያው ነው። ቦታው ያው ነው። ታዲያ በመሃል ምን ተለወጠ? ሰልፍ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ማጥኛ አላውቅም። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ እንዴት ጀመረ

ዲሴምበር 12 ቀን 1979 ኔቶ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። 464 ክሩዝ ሚሳኤሎችና 108 ፐርሺንግ ሁለት ሚሳኤሎች በምዕራብ አውሮፓ እንዲተከሉ ወሰነ። ከክሩዞቹ 96ቱ ለግሪንሃም ተመደቡ። እያንዳንዱ ሚሳኤል 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። የሚሸከመው ቦምብ እስከ ሂሮሺማው አሥር እጥፍ ጉልበት ሊኖረው ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሚሳኤሎቹ የሚተኮሱት ከሰፈሩ አይደለም። በክፉ ቀን በከባድ መኪና ተጭነው ወጥተው፣ በየገጠሩና በየጫካው ተበትነው ነው የሚተኮሱት። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ የሩቅ ፖለቲካ አልነበረም። ልጁን ትምህርት ቤት በሚያደርስበት መንገድ የሚያልፍ ነገር ነው።

ለእኛስ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ካለ አንድ ነገር ላስታውስ። በኖቬምበር 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር ጦር መሣሪያን መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አጽድቋል። ቁጥሩ 1653 ነው። ሐሳቡን ይዘው ከተነሱት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፅ አልሰጡም። ከተቃወሙት መካከል አሜሪካና እንግሊዝ ነበሩ። የካርዲፎቹ ሴቶች ከሃያ ዓመት በኋላ በእግራቸው የጠየቁትን ጥያቄ የኛ ዲፕሎማቶች በኒውዮርክ አዳራሽ ውስጥ አንስተውት ነበር። ይህንን ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

ጉዞው ለምን ፎቶ አጣ

እስቲ አንድ የጋዜጣ ፎቶ ክፍል ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ እንበል። ስልክ ይደወላል። ሰዎች በእግር እየሄዱ ነው ይባላል። ስንት ናቸው? ሠላሳ ምናምን። ዛሬ ምን ያደርጋሉ? ይሄዳሉ። ነገስ? ይሄዳሉ። ኃላፊው ስልኩን ይዘጋና ፎቶ አንሺውን ወደ ኳስ ሜዳ ይልከዋል።

ጉዞ ለካሜራ አስቸጋሪ ነገር ነው። ጫፍ የለውም። ኳስ ጎል አለው፣ ሠርግ ቀለበት አለው፣ አመፅ ድንጋይ አለው። ጉዞ ግን አንዱ ሰዓት ከሌላው ሰዓት ጋር ይመሳሰላል። ትንሽ ጉዞ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከድልድይ ላይ ሆነው በሰፊ ሌንስ ቢያነሱት 36 ሰው አስፋልት ላይ የጠፋ መንገደኛ ይመስላል። ከፊት ለፊት በረጅም ሌንስ ቢያነሱት ሰዉ ተጠጋግቶ ብዙ ይመስላል። ያኛው ያሳንሳል፣ ይሄኛው ያጋንናል።

እኔ ብሆን ትንሽነቱን ራሱን አነሳ ነበር። አንዲት እናት የልጇን ጋሪ እየገፋች ስትሄድ፣ ከጎኗ ከባድ መኪና ሲያልፍ። በር ላይ ቆሞ የሚያያቸው የመንደር ሰው ፊት። ማታ ጫማ ሲወልቅ። ይህንን ለማንሳት ግን አብሮ መሄድ ያስፈልጋል። በመኪና መጥቶ፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ ሦስት ፎቶ አንስቶ መመለስ አይሆንም። ጋዜጣ ደግሞ ለአሥር ደቂቃ እንጂ ለአሥር ቀን ሰው አይልክም።

ለማነጻጸር የ1958ቱን የአልደርማስተን ጉዞ እንይ። ያም የኒውክሌር ጦር መሣሪያን በመቃወም የተደረገ ጉዞ ነው። በፋሲካ ሰሞን ከለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ፣ በአራት ቀን 83 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ የእንግሊዝ አቶሚክ ቦምብ ወደሚሠራበት አልደርማስተን ደረሰ። ቦታው ከግሪንሃም ብዙም አይርቅም። ያኔ ግን ሰዉ በሺዎች ነበር። በዚያ ላይ ጄራልድ ሆልተም የተባለ ንድፍ ሠሪ ያዘጋጀው ምልክት ነበራቸው። ክብ፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት መስመሮች። ዛሬ በየቲሸርቱ ላይ የምናየው የሰላም ምልክት ማለት ነው። 500 ያህሉ በካርቶን ተሠርተው በዱላ ላይ ተሰቅለው ነበር። በጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ በደካማ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ከሩቅም ይነበባል። ፎቶ አንሺው የትም ቢቆም ምልክቱ ፍሬሙ ውስጥ ይገባለታል። የካርዲፎቹ ሴቶች ይህንን ሁሉ አልነበራቸውም። ልብና እግር ብቻ ይዘው ነው የወጡት።

ሴፕቴምበር 5 ቀን ሲደርሱ አራቱ ራሳቸውን በሰፈሩ መግቢያ አጥር ላይ በሰንሰለት አሰሩ። ይህንን ዘዴ የወሰዱት ከ70 ዓመት በፊት የመምረጥ መብት ሲጠይቁ ከነበሩት የእንግሊዝ ሴቶች ነው። ጠባቂው መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኞች መስለውት ነበር ይባላል። ሴቶቹ ከመከላከያ ሚኒስቴር ጋር በቴሌቪዥን ፊት ለፊት እንከራከር ብለው ጠየቁ። እሺ የሚላቸው ጠፋ። እነሱም አንሄድም አሉ። ድንኳን ተከሉ። ከፌብሩዋሪ 1982 ጀምሮ ይህ የድንኳን ሰፈራ የሴቶች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

በሰንሰለት መታሰሩ በራሱ ብዙ ፎቶ አላስገኘም። ሆኖም እዚህ ላይ ሴቶቹ አንድ ነገር የገባቸው ይመስለኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ስለሆነ ብቻ ካሜራ እንደማይመጣ። ሰውነታቸውን ከሚቃወሙት ነገር ጋር በአንድ ፍሬም ውስጥ ማስገባት እንዳለባቸው። መንገድ ላይ ሳሉ ሚሳኤሉም፣ ሰፈሩም፣ ወታደሩም አይታይም ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱ ወገኖች ተገናኙ።

14 ኪሎ ሜትር ተኩል አጥር እንዴት ይነሳል?

ዲሴምበር 12 ቀን 1982 የኔቶ ውሳኔ ሦስተኛ ዓመት ነው። ሴቶቹ በዚያ ቀን ሰፈሩን በሙሉ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንክበብ አሉ። ኢንተርኔት የለም፣ ገንዘብም የለም። ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የደረሳት ሴት ለሌሎች አሥር አባዝታ እንድትልክ ተጠየቀች። በዚህ መንገድ ከ30,000 በላይ ሴቶች መጡ። 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሆነው አጥር ተከበበ።

ለፎቶ አንሺ ይህ ቀን ራስ ምታት ነው። የቀኑ ዜና ክቡ መዘጋቱ ነው። ክቡ ግን በማንኛውም ሌንስ አይገባም። ከየትኛውም ቦታ ቢቆም የሚያየው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሄዶ የሚጠፋ የሰው መስመር ብቻ ነው። ከሄሊኮፕተር ቢነሳ ደግሞ መሬት፣ መንገድ፣ አጥር፣ ከዚያ ሰው የሚመስሉ ነጠብጣቦች። ብዛቱ ይታያል፣ ሰዉ አይታይም።

ጎበዞቹ ፎቶ አንሺዎች ክቡን ማሳደዱን ተዉት። ወደ አጥሩ ተጠጉ። ምክንያቱም ትልቁ ነገር የነበረው እዚያ ነው። ሴቶቹ ሲመጡ አንድ ነገር ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበር። የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ የሚያጡትን፣ የሚወዱትን ነገር። የሕፃን ልብስ ይዘው መጡ። የሠርግ ቀሚስ ይዘው መጡ። አሻንጉሊት፣ ግጥም፣ ሥዕል። እና ፎቶ። የልጆቻቸው፣ የእናቶቻቸው፣ የቤተሰባቸው ፎቶ። ሁሉንም በሽቦው ላይ ሰቀሉት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የጦር ሰፈር አጥር ሰው እንዳያልፍ፣ እንዳያይ የተሠራ ነገር ነው። በአንድ ቀን ውስጥ የቤተሰብ አልበም ሆነ። ከማዶ ወታደሮች ቆመዋል። ከወዲህ የሕፃን ፎቶ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ፎቶ አንሺው ሁለቱን በአንድ ፍሬም ለማስገባት ጉልበቱን ሸብረክ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከፊት የሕፃኑ ፎቶ ጥርት ብሎ፣ ከኋላ ዩኒፎርሙ ደብዘዝ ብሎ። የ30,000 ሰው ጥያቄ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ገባ። ቁጥሩን በጽሑፍ መንገር ይቻላል። ያችን ሕፃን ግን ፎቶ ካላሳየን በቀር ማንም አያያትም።

ሴቶቹ በአጥሩ ላይ በሱፍ ክር የሸረሪት ድርም ይሠሩ ነበር። ድሩን የእንቅስቃሴያቸው ምልክት አድርገውት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረታችንን ሰምተውት ባያውቁም፣ ያደረጉት እሱኑ ነው።

በዚያ ዘመን የፀረ ኒውክሌሩን እንቅስቃሴ በትዕግሥት ሲከታተሉ ከነበሩት አንዱ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ባርበር ነው። ሥራዎቹ በ2016 በለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። የጦርነት ሙዚየም ጦርነትን የተቃወሙ ሰዎችን ፎቶ መስቀሉ ተገቢ ነው። ታሪኩ የሁለቱም ነውና።

ጃንዋሪ 1፣ 1983

አሁን ወደ ዋናው ፎቶ እንምጣ።

የግሪንሃም ሰዎች ሲሎ የሚሏቸው ነገሮች በአፈር የተሸፈኑ ግዙፍ የኮንክሪት ምሽጎች ናቸው። ስድስት ናቸው። ሚሳኤል የሚጭኑት ከባድ መኪኖች የሚቆሙት ውስጣቸው ነው። በ1983 መጀመሪያ ላይ ገና በመሠራት ላይ ነበሩ። ሚሳኤሎቹም አልመጡም።

በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ንጋት ላይ ሴቶቹ መሰላል ይዘው ወደ አጥሩ መጡ። በሾሁ ሽቦ ላይ ምንጣፍ ጣል አደረጉ። 44 ሴቶች ተሻገሩ። ወደ አንዱ ምሽግ ሮጠው አናቱ ላይ ወጡ። እጅ ለእጅ ተያያዙና በክብ መጨፈር ጀመሩ። መዘመር ጀመሩ። ፖሊሶች እስኪያወርዷቸው አንድ ሰዓት ያህል ጨፈሩ።

ፎቶውን ያነሳችው ራይሳ ፔጅ ትባላለች። ካናዳ ተወልዳ እንግሊዝ የኖረች ሴት ናት። ፎቶ ማንሳትን ሥራዋ ያደረገችው በማኅበራዊ አገልግሎት ዘርፍ ከሠራች በኋላ፣ ዕድሜዋ ገፋ ሲል ነው። በዚያው በ1983 ፎርማት የሚባል፣ የሴት ፎቶግራፈሮች ብቻ የሆነ ድርጅት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆናለች። ድርጅቱ እስከ 2003 ሠርቷል።

ፎቶውን ያላያችሁት ፈልጋችሁ እዩት። ብርሃኑ ገና ነው። ሴቶቹ ጠቆር ብለው፣ ከአፈሩ ጉብታ በላይ ክብ ሠርተው ይታያሉ። ፊታቸው አይለይም። ማን ወጣት፣ ማን አሮጊት እንደሆነች መናገር ያስቸግራል። እጆቹ ግን ይታያሉ። የተያያዙት እጆች ናቸው ፎቶውን የሚይዙት።

ይህ ፎቶ በቴክኒክ ቀላል አልነበረም። በእንግሊዝ በጃንዋሪ መጀመሪያ ፀሐይ የምትወጣው በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዘመኑ የፊልም ነው። የዚያን ጊዜ የዜና ፎቶ አንሺ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 400 አይኤስኦ (ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ የሚለካበት ቁጥር) የሆነ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ብርሃን ሲያንስ እንደ 800 ወይም እንደ 1600 ቆጥሮ ያነሳበታል። ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ያጥበዋል። ፎቶው ሻካራ ይሆናል፣ ጥላው ይጠቁራል። ፍላሽ ሩቅ ላለ ሰው ምንም አይጠቅምም። ከፊት ያለውን ሽቦ አብርቶ ከኋላ ያለውን ያጨልማል። ስክሪን ላይ ተመልክቶ ማረምም የለም። የወጣውና ያልወጣው የሚታወቀው ፊልሙ ሲታጠብ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቴክኒኩ ብቻ አይደለም። ካሜራ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ በአጋጣሚ አይገኝም። በበዓል ቀን፣ በጨለማ፣ በብርድ ከአልጋ ተነስቶ አጥር ሥር መቆም ያስፈልጋል። እዚያ ለመቆም ደግሞ ሚስጥሩን ማወቅ ግድ ነው። ሚስጥሩ ቢያመልጥ ፖሊስ መሰላሉን ገና መንገድ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ ካሜራ የያዘ ሰው የሚነገረው ከታመነ ብቻ ነው። ይህ እምነት በአንድ ጥሩ ሌንስ አይገዛም። አብሮ ጭቃ ከመርገጥ፣ አብሮ ሻይ ከመጠጣት፣ አልነሳም ባሉት ጊዜ ካሜራውን ዝቅ ከማድረግ ነው የሚመጣው።

ብዙ ጋዜጦች ያን ሰሞን ሰፈራውን በሌላ ዓይን ነበር የሚያዩት። ቅርንጫፍ ቆልምመው ፕላስቲክ ያለበሱትን መጠለያ፣ ጭቃውን፣ ያልታጠበውን ድስት ያነሱ ነበር። ጭቃው ውሸት አልነበረም። በእርግጥም ጭቃ ነበር። ግን ጭቃውን ብቻ የሚያሳይ ሰው ሴቶቹ ለምን ጭቃ ውስጥ እንደሚያድሩ እንዳንጠይቅ ያደርገናል። የፔጅ ፎቶ ጥያቄውን መልሶ ፍሬሙ ውስጥ አስገባው። ሴቶቹ በላይ፣ የሞት መሣሪያ ማደሪያ ከእግራቸው በታች። አንድም ጽሑፍ፣ አንድም መፈክር የለም።

ሆኖም ፎቶው ብቻውን ቆሞ ይናገራል ቢባል አልስማማም። ከሥሩ የተጻፈው መግለጫ ቢነሳ፣ የምናየው ሴቶች ጉብታ ላይ ሲጨፍሩ ብቻ ነው። ሽርሽርም ሊሆን ይችላል። «የኒውክሌር ሚሳኤል ምሽግ፣ ግሪንሃም ኮመን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983» የሚለው መስመር ሲጨመር ነው የሚያስደነግጠው። ዛሬ ፎቶ ያለ ቀን፣ ያለ ቦታ፣ ያለ ባለቤት ስም ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ሳይ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። የፎቶው ግማሽ ትርጉም መንገድ ላይ ይወድቃል።

ፊት ማሳየትና አለማሳየት

44ቱም ታሰሩ። ሰላም በማደፍረስ ተከሰሱ። በፌብሩዋሪ ኒውበሪ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኞቹ ወደፊት ሰላም እንዲያከብሩ ቃል ከገቡ እንደሚለቋቸው ነገሯቸው። ብዙዎቹ እኛ ሰላም እያስከበርን እንጂ እያደፈረስን አይደለም ብለው ቃሉን አንገባም አሉ። 36ቱ ለ14 ቀን እስር ቤት ገቡ።

ይህ ለሰልፍ ፎቶ አንሺ ትልቅ ጉዳይ ነው። ያነሳው ፎቶ በጋዜጣ ከመውጣቱ ሌላ በክስ መዝገብ ውስጥም ሊገባ ይችላል። የግሪንሃም ሴቶች ራሳቸውን አልደበቁም። ያደረግነውን አድርገናል ብለው ፍርድ ቤት ቆመዋል። ሆኖም ያ ፎቶ ማንንም ለይቶ አሳልፎ የሚሰጥ አይደለም። ጨለማው ፊታቸውን ሸፈነ። ይሄ የብርሃኑ ውጤት ነው። ግን አንድ ነገር ያሳየናል፤ ሰልፍን በሙሉ ኃይሉ ለማሳየት የግድ የሰው ፊት በቅርብ ማሳየት አያስፈልግም።

በ1983 አንድን ፊት ከጋዜጣ ፎቶ ላይ ለይቶ ለማወቅ ያንን ሰው የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ነው የሚለየው። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭ አደባባይ የሚወጡ ወገኖቻችን ሁሉም ስልክ ይዘዋል፣ ሁሉም ያነሳሉ፣ ብዙዎቹ እዚያው በቀጥታ ያስተላልፋሉ። ከጎናቸው የቆመችው ልጅ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ ልትሆን ትችላለች። አገር ቤት ያሉ ወላጆቿ ጉዳይም አለ። እሷ ሰልፍ መውጣቷን መርጣለች። ፊቷ በማያልቅ ቪዲዮ ላይ መቅረቱን ግን መርጣለች ማለት አይደለም። አደባባይ ላይ የወጣ ሰው መነሳት ይችላል የሚለው ክርክር በሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን አይበቃኝም። ከኋላ፣ ከእጅ፣ ከጥላ፣ ከመፈክሩ በኩል ማንሳት እየተቻለ የፈራን ሰው ፊት ማውጣት ደግነት የጎደለው ሥራ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። መታየት የሚፈልግ ሰው አለ። ስሜን ጻፍ፣ ፊቴን አሳይ የሚል። እሱን ደግሞ መሸፈን ንቀት ነው። ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ነው። ሰልፍ ላይ ጊዜ የለም ይባላል። በዓይን መጠየቅ ግን ይቻላል። ካሜራውን ከፍ ሲያደርጉት ሰውየው ቀና ካለ መልሱ ታውቋል። ፊቱን ካዞረም ታውቋል።

ከዚያ በኋላ

ከጃንዋሪው ጭፈራ በኋላ ግሪንሃምን የማያውቅ ጋዜጣ አልነበረም። ኤፕሪል 1 ቀን 1983 ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች ግሪንሃምን፣ የኒውክሌር ቦምብ የሚገጣጠምበትን በርግፊልድንና አልደርማስተንን የሚያገናኝ 23 ኪሎ ሜትር ያህል የሰው ሰንሰለት ሠሩ። በዚያው ቀን 200 ያህል ሴቶች የእንስሳት ልብስ ለብሰው አጥሩን ዘለው ገቡ። ዲሴምበር 11 ቀን 1983 ደግሞ 50,000 ያህል ሴቶች መስተዋት ይዘው መጡና ወደ ሰፈሩ አዞሩት። ሰፈሩ ራሱን እንዲያይ። ይህ ሐሳብ ከማንም ፎቶ አንሺ የመጣ አይደለም፣ ከሴቶቹ እንጂ። ካሜራ የያዘ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ አያገኝም። በአንድ መስተዋት ውስጥ ወታደሩ፣ ሽቦው፣ ሰማዩ፤ በመስተዋቱ ዙሪያ ደግሞ የያዙት ጣቶች።

ሚሳኤሎቹ ግን ገቡ። ኖቬምበር 14 ቀን 1983 የመጀመሪያዎቹ በአውሮፕላን ግሪንሃም ደረሱ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። የዓለምን ጋዜጦች የሞላ ፎቶ አንድ አውሮፕላን አላስቆመም። ሴቶቹ ግን ድንኳናቸውን አልነቀሉም።

ዲሴምበር 8 ቀን 1987 የአሜሪካው ሬጋንና የሶቪየት ኅብረቱ ጎርባቾቭ ዋሽንግተን ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ፣ ከመሬት የሚተኮሱ ሚሳኤሎች በሙሉ እንዲወገዱ ነው ስምምነቱ። የግሪንሃም የመጨረሻዎቹ ሚሳኤሎች በ1991 ወጡ። ስምምነቱን ያመጣው ያ ፎቶ ነው አልልም። የሶቪየት ኅብረት ሁኔታ፣ የሁለቱ መሪዎች ፍላጎት፣ የኤኮኖሚው ጫና ብዙ ድርሻ አለው። ነገር ግን መሪዎች የሚፈራረሙት ሕዝብ ስለ ጉዳዩ በሚያወራበት ዘመን ሲሆን እና ማንም በማያወራበት ጊዜ ሲሆን አንድ አይደለም። በ1981 በካርዲፍ መንገድ ላይ ማንም አያወራም ነበር።

ሰፈራው እስከ 2000 ቆየ። 19 ዓመት ማለት ነው። አጥሩ ተነስቶ መሬቱ ለሕዝብ ተመልሷል። ዛሬ ሰዎች ከውሾቻቸው ጋር ይንሸራሸሩበታል። ስድስቱ ምሽጎች ከ2003 ጀምሮ በታሪካዊ ቅርስነት ተጠብቀዋል።

ራይሳ ፔጅ በ2011 አረፈች። የፎቶ ስብስቧ ዌልስ ውስጥ በስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ በሪቻርድ በርተን አርካይቭ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚያ አንድ የንጋት ፎቶ ብቻ ነው። ስብስቡ ውስጥ ግን በእንክብካቤ ተቋማት የሚኖሩ ሰዎች አሉ፣ አድማ ላይ ያሉ የማዕድን ሠራተኞች አሉ፣ ሥራ ላይ ያሉ ሴቶች አሉ። ሌሎች ካሜራዎች ቸኩለው ያለፏቸው ሰዎች ናቸው። የግሪንሃሙን ፎቶ ከነዚህ ጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል ባይ ነኝ። ጥሩ አጋጣሚ ያገኘች ፎቶ አንሺ ሥራ ብቻ አይደለም። ሰው አጠገብ ቁጭ ማለት የለመደች ሴት ሥራ ነው።